ናኖ ቅንጣት ነዳጁን ራሱ ይገፋል ወይስ ገፊውን ያግዛል? ከቱሉ ዲምቱ የተከፈተ የውይይት ክርና 26 መልሶቹ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ቱሉ ዲምቱ የምኖር የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ለወራት ሲከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ስላለ ልጠይቃችሁ ወሰንኩ።

ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ አይገኝም። በአሸዋ ድንጋይ ወይም በኖራ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ተወሽቆ ነው ያለው። መጀመሪያ በራሱ ግፊት ይወጣል። ግፊቱ ሲዳከም በሌላ ጉድጓድ ውሃ ይለቀቅበትና ተገፍቶ ይወጣል። ሁለቱም ዘዴዎች ካበቁ በኋላ ግን በብዙ ቦታ ከነዳጁ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እዚያው አለቱ ውስጥ ይቀራል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ውሃው ከነዳጁ የቀጠነ ስለሆነ ቀላሉን መንገድ ይዞ ሾልኮ ያልፋል፣ ነዳጁንም ወደ ጎን ይተወዋል። ውሃው በደረሰበት ስፍራ ደግሞ ነዳጁ ጠብታ ጠብታ እየሆነ በጠባቦቹ ቀዳዳዎች አንገት ላይ ይሰነቀራል፤ በውሃና በነዳጅ መካከል ያለው የገጽ ውጥረት አላሳልፍ ይለዋል።

ለመጀመሪያው ችግር ፖሊመር (ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) አለ፤ ውሃውን ያወፍረዋል። ለሁለተኛው ሳሙና መሰሉ ሰርፋክታንት አለ፤ የገጽ ውጥረቱን ያላላል። አልካሊም ይጨመራል፤ በነዳጁ ውስጥ ካሉ አሲዶች ጋር ተዋህዶ እዚያው ሳሙና ይሠራል። ይሁን እንጂ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ጨውም ካልሲየምም የሞላበት ትኩስ ውሃ ነው። ፖሊመሩ በዚያ ውስጥ ይኮማተራል፣ ይበጣጠሳል። ሰርፋክታንቱም አለቱ ላይ ተለጥፎ ያልቃል። ውድ ኬሚካል መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ስለ ናኖ ቅንጣት ያወራል። መጠናቸው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር (አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የሆነ የሲሊካ፣ የአሉሚና ወይም የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ደቃቆች ናቸው። አንዳንዶች ራሳቸው ነዳጁን ከአለቱ ይልጡታል ይላሉ። እኔ ደግሞ ዋና ጥቅማቸው ፖሊመሩንና ሰርፋክታንቱን ማገዝ ነው እላለሁ። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ይህን የጻፍኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። መልሶቹ 26 ደርሰዋል፣ ክሩም ረዝሟል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር እያሉ ስለጠየቁኝ የተባለውን በራሴ አነጋገር በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

መልስ 1። ከገላን የውሃ ማጣሪያ መሐንዲስ የሆኑ ሰው ጻፉ። እርስዎ እያሉ፣ ረጋ ብለው ነው ያረሙኝ። ብዙ ሰው ቅንጣቱ ከቀዳዳው ካነሰ ያልፋል ብሎ ያስባል አሉ። በተለመደ የአሸዋ ድንጋይ የቀዳዳው አንገት ከ2 ማይክሮሜትር በላይ ነው፤ የ20 ናኖሜትር ሲሊካ ደግሞ የዚያ መቶኛ ነው። ስለዚህ በመጠን ቢሆን ኖሮ ችግር አይኖርም ነበር። ነገር ግን እርሳቸው በየቀኑ የሚሠሩበት የአሸዋ ማጣሪያ በአሸዋው መካከል ካለው ክፍተት እጅግ ያነሰ የሸክላ ደቃቅ ይይዛል። ደቃቁ የሚያዘው አሸዋው ላይ እየተለጠፈና እርስ በርሱ እየተያያዘ እንጂ ክፍተቱ ጠብቦት አይደለም። የናኖ ቅንጣት ጉዳይም የሚወሰነው በመለጠፍና በመያያዝ ነው አሉ። ይህን ሳነብ ጥያቄዬ ራሱ ቦታውን የቀየረ መሰለኝ።

መልስ 2 ከዚህ ጋር መስማማቱን ብቻ ገለጸ።

መልስ 3 ከሰበታ ነው። የዘይት መጭመቂያ ያላት እህታችን ስለ ኑግ አነሳች። ኑጉ ሳይሞቅ ከተጨመቀ ፋጉሎው ዘይት እንደያዘ ይወጣል፣ ከብት አርቢውም እየተደሰተ ይገዛዋል አለች። መጭመቂያውን የፈለገውን ያህል ብታጠብቀው ለውጡ ትንሽ ነው፤ ኑጉን ስታሞቀው ግን ዘይቱ ይፈታል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ደግሞ የቀረውን በሄክሳን አጥበው ያወጡታል። ነዳጁም እንደዚሁ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋን ወደድኩት።

መልስ 4 ንጽጽሩ እንደማይገጥም ጠቆመ። በኑጉ ውስጥ ያለው ዘይት በሕዋስ ግድግዳ ታሽጎ ነው የተቀመጠው፤ በአለቱ ውስጥ ያለው ነዳጅ ግን በአሸዋ ፍሬዎች መካከል፣ ከውሃ ጋር ፊት ለፊት ተጋፍጦ ነው። ሙቀትን በተመለከተ ግን እህታችን ልክ ናት፤ ለወፍራም ነዳጅ እንፋሎት ይለቀቃል፣ ይህም ከኬሚካሉ የተለየ ዘዴ ነው። ሰውየው እርማቱን ሰጥቶ ሲያበቃ የፋጉሎ ዋጋ ስንት እንደ ደረሰ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች (መልስ 5 እና 6 ውስጥ) ስለ ከብት መኖ ተነጋግረዋል፣ እዘለዋለሁ።

መልስ 7 ከቡራዩ ነው፣ ለእኔ አቋም ትልቁ ድጋፍም ይኸው ነበር። በነዳጅና በውሃ መካከል ያለው የገጽ ውጥረት በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሚሊኒውተን በሜትር ነው። የተሰነቀረችውን ጠብታ ለማስለቀቅ ይህ ቁጥር ወደ አንድ ሺህኛ ሚሊኒውተን አካባቢ መውረድ አለበት፤ በአሥር ሺዎች እጥፍ መቀነስ ማለት ነው። ይህን ተስማሚ ሰርፋክታንት ይችለዋል። ሲሊካ ብቻውን ግን ከዚያ አጠገብ አይደርስም። ከሰርፋክታንት ጋር ሲሆን ሌላ ነገር ይሠራል፦ አለቱ ላይ ሊለጠፍ የነበረውን ሰርፋክታንት በራሱ ገጽ ላይ ተሸክሞ ያሻግረዋል፣ ብክነቱንም ይቀንሳል። ጸሐፊው ቁጥሮቹን በንጹህ ሰንጠረዥ አስቀምጠዋቸዋል፣ ለዚህም አመሰግናለሁ።

መልስ 8 ደግሞ ፊት ለፊት ተቃወመኝ፣ በጨዋ ደንብ። ነገሩ የገጽ ውጥረት ብቻ አይደለም አለ፤ አለቱ የሚረጥበው በውሃ ነው ወይስ በነዳጅ የሚለው አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዋሳንና ኒኮሎቭ የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያሳተሙትን አነሳ። ደቃቅ ቅንጣቶች ያሉበት ፈሳሽ በጠብታና በጠጣር ገጽ መካከል እንደ ሽብልቅ ወደቀጠነችው ጫፍ ሲገባ ቅንጣቶቹ በዚያች ጠባብ ቦታ ይደረደራሉ። ድርድሩ ግፊት ይፈጥርና ፈሳሹ ወደ ፊት እየተንፏቀቀ ጠብታውን ከገጹ ይለያል። ሽብልቅ እንጨት ሲፈልጥ አይታችሁ እንደሆነ ምስሉ ይገባችኋል። እንግዲህ ቅንጣቱ በራሱም ይሠራል ማለት ነው፤ ረዳት ብቻ ማለቴ ትክክል አልነበረም።

መልስ 9 የእኔ ነው። ግማሹን ተቀበልኩ። አዎ፣ ገጹን ይለውጣል፣ ይልጣል። ነገር ግን ሊደረደሩ የሚችሉት ተለያይተው የቆሙ ቅንጣቶች ናቸው። እርስ በርስ ተያይዘው ጓል ከሆኑ በሽብልቋ ጫፍ የሚገባ ነገር የለም። በመልስ 1 ወደተነሳው ተመለስን ማለት ነው፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተለያይተው ይቆማሉ ወይ?

እዚህ ላይ ነበር ክሩ የተበጠበጠው። መልስ 10 ከሱሉልታ የመጣ ሲሆን፣ እርስዎ መባባሉ ቀርቶ አንተ ተባልኩ። ነዳጅ የሌለው አገር ስለ ነዳጅ ማውጫ ምን ያወራል፣ ሰው በየማደያው ተሰልፎ እያደረ አንተ ስለ ናኖ ትጽፋለህ፣ መምህር ከሆንክ ልጆቹን አስተምር ተባለ። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር። ቅሬታው ግን ከእውነተኛ ምሬት የመጣ ነውና አልተከፋሁም።

መልስ 11 በዚያው ልክ መለሰለት። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ሂላላ ላይ የድፍድፍ ነዳጅ የሙከራ ምርት መጀመሩ በጠቅላይ ሚኒስትሩ መገለጹን አስታወሰ። በኦጋዴን የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ የታወቀው ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የለም ማለት አይቻልም አለ። መልስ 12 ሁለቱንም ገሠጸ፦ ጋዝና ነዳጅ አንድ አይደሉም፣ ጋዝ በኬሚካል ገፍቶ ለማውጣት አይታሰብም፣ የሙከራ ምርትም ከአሮጌ የነዳጅ መስክ ጋር አይነጻጸርም። ልክ ነው። እኔ የምለው ግን የትምህርቱ ዋጋ ከነዳጁ መኖር ጋር አይታሰርም። ደቃቅ ነገር በጨዋማ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚቆም ያወቀ ሰው ያንኑ እውቀት ለውሃ ማጣሪያ፣ ለቀለም ፋብሪካ፣ ለመድኃኒት ይጠቀምበታል። ተማሪዎቼ ከእነዚህ በአንዱ ቢቀጠሩ ደስታዬ ነው።

መልስ 13 እና 14 ስለ ማደያ ሰልፍና የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለመከልከሉ ነበሩ። ለክሩ የጨመሩት ነገር የለም።

መልስ 15ን ግን እንዳትዘሉት። ዱከም የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው በኦጋዴን ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ የሠሩ አባት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ጠራናቸው። ስለ ናኖ የማውቀው የለም ብለው ጀመሩና ስለ ቁፋሮ ጭቃ ነገሩን። ጭቃው ቤንቶናይት ከሚባል ሸክላ ይዘጋጃል፣ ከጉድጓዱ ድንጋይ እያወጣ ይመላለሳል። ደህና ሲሆን እንደ ገንፎ ልስልስ ነው። መሰርሰሪያው ጨው ያለበት ንብርብር ሲነካ ግን ጭቃው እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል፤ ውሃው ለብቻ፣ ሸክላው ለብቻ ይሆናል። አንድ ሌሊት የፈረቃው ኃላፊ በጣቱ ጭቃውን ጨልፎ ቀመሰና ጨው ላይ ደርሰናል ብሎ ማሽኑን አስቆመ፤ ልጅ ስለነበሩ ጭቃ መቅመሱ አስደንቋቸው እንደነበር ጻፉ። በመጨረሻም መምህሩ የሚጠይቀው ይህንኑ አይደለም ወይ አሉ። ይህንኑ ነው፣ ጋሼ። የሸክላውም የሲሊካውም ገጽ አሉታዊ ሙላት (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ይዟል፤ አንዱ ሌላውን የሚገፋው በዚያ ነው። ጨው ሲበዛ ያ ሙላት ይሸፈናል፣ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ ይያያዛሉ። ካልሲየም ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ሁለት እጅ ስላለው በአንዱ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ይይዛል።

የጋሼ ታሪክ ድፍረት ሰጠኝና በመልስ 16 የራሴን ብልሽት ተናገርኩ። በግቢዬ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ አለችኝ። ክንድ የሚያህል ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ወስጄ በደንብ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ሞላሁበት፣ ጫፎቹን በጨርቅ አሰርኩ። በውሃ አረጠብኩት፣ ከዚያ ድፍድፍ ነዳጅ ከየት ይመጣልና የኑግ ዘይት አስገባሁበት። ውሃ ስለቅበት ዘይቱ መጀመሪያ በብዛት ወጣ፣ ቀጥሎ በጠብታ፣ ከዚያ ውሃ ብቻ። አሸዋው ግን አሁንም ቢጫ ነው፤ ዘይቱ እዚያው አለ። ሲሊካ የተበተነበትን ውሃ ስለቅበት ጥቂት ተጨማሪ ጠብታዎች ወጡ። ተደሰትኩ። በማግስቱ ውሃው የእውነቱን እንዲመስል ጨውና ካልሲየም ክሎራይድ ጨመርኩበትና ምሳ በልቼ ስመለስ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደፈራርሶ ወፍሯል። ሲመሽ ብርጭቆውን ዘቀዘቅኩት፣ አልፈሰሰም። እንደ ጄሊ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ይህ አለት ውስጥ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖት ነበር። የደስታዬ ጠብታዎች የመጡት በንጹህ ውሃ ውስጥ ብቻ ስለነበር እንደ ማስረጃ ልቆጥራቸው አልችልም።

መልስ 17 የቂሊንጦ ተማሪ ናት። መፍትሔ ይዛ መጣች። የሲሊካውን ገጽ በሲሌን (ሲሊካ ላይ በሚጣበቅ ኬሚካል) ወይም ውሃ በሚወድ አጭር ፖሊመር መሸፈን እንደሚቻል አስረዳች፤ ከዚያ በኋላ ቅንጣቶቹን የሚለያያቸው ሙላት ብቻ አይሆንም፣ የለበሱት ልብስም ያራርቃቸዋል። ሙላት ጨው ይሸፍነዋል፣ ልብስን ግን በቀላሉ አይገፈውም። በቤተ ሙከራ ዜታ ፖቴንሻል የሚባለው የሙላቱ መለኪያ ከ30 ሚሊቮልት በላይ፣ በአሉታም ሆነ በአዎንታ፣ ሲሆን ቅንጣቱ ተለያይቶ የመቆየት ዕድሉ ጥሩ እንደሆነ ይወሰዳል፤ በጨዋማ ውሃ ግን ይህ ቁጥር ይወድቃልና ልብሱን ማመን ይሻላል አለች። ጎበዝ ልጅ ናት።

መልስ 18 ላይ የገላኑ መሐንዲስ ተመለሱና በመልስ 1 ያልነኩትን ከፈቱ። ነዳጅ ለማውጣት ውሃ የሚያወፍሩበት ፖሊአክሪላማይድ እኮ ከእኔ ማጣሪያ መጋዘን ውስጥ ካለው ጋር ዘመዳሞች ናቸው አሉ። እርሳቸው የሚጨምሩት ደቃቁን ለማያያዝና ለማዝቀጥ ነው። ረጅሙ ሰንሰለት አንዱን ቅንጣት በአንድ ጫፉ፣ ሌላውን በሌላ ጫፉ ይይዛል። ታዲያ ሲሊካና ፖሊመር ተደባልቀው ይረዳዳሉ ሲባል መጠኑ ካልተመረጠ ተያይዘው ይወድቃሉ። በትክክለኛው መጠን ግን ሲሊካው ሰንሰለቶቹን አስተሳስሮ ውሃውን ያወፍራል፣ ሙቀትንም እንዲችል ያግዘዋል። አንድ ኬሚካል እርሳቸው ዘንድ ለማዝቀጥ፣ እኛ ዘንድ ለማወፈር መዋሉን ስንት ዓመት ሳስተምር አላስተዋልኩም ነበር።

መልስ 19 ግን ጥርሱን አሳየ። ከለገጣፎ ነው። በኑግ ዘይትና በወንዝ አሸዋ የተሠራ ነገር ሳይንስ አይባልም አለ። ድፍድፍ ነዳጅ አስፋልቲን (ከባዱና የሚጣበቀው ክፍሉ) አለው፣ አለቱ ላይ ለሚሊዮኖች ዓመታት ተጣብቆ ገጹን ዘይት ወዳድ አድርጎታል፤ የአንተ የታጠበ አሸዋ ውሃ ወዳድ ነው፣ ስለዚህ ስለ መርጠብ ምንም አይነግርህም። ግፊቱና ሙቀቱም የሉም። ተማሪዎችን አታሳስት ብሎ ዘጋው። አነጋገሩ ከረር ቢልም ነጥቡ አንድም ሳይቀር እውነት ነው፣ እዚያው ተቀብያለሁ። በቤተ ሙከራ ትክክለኛ የአለት ናሙና በነዳጅ ተነክሮ በሙቀት ለሳምንታት የሚቆየው ለዚሁ ነው። መልስ 20 ላይ የሰበታዋ እህት ተቆጣችው፤ ሰው በእጁ ነክቶ የሞከረውን በዚህ ቃል መመለስ አይገባም አለች። ለእኔ ስለተናገረች ሳይሆን፣ እውነትም ሙከራው የሰጠኝ ነገር አለ፦ ስለ አለቱ ባይነግረኝም ስለ ውሃው ነግሮኛል።

መልስ 21 ወደ መስኩ ወሰደን። በቻይና ዳቺንግ የነዳጅ መስክ ተገኝቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፣ ፖሊመር በኢንዱስትሪ ደረጃ መለቀቅ የጀመረበት ደግሞ በ1996። ፖሊመር በዚህ ልክ ተፈትኗል፤ ናኖ ቅንጣት ግን ነዳጅ በመግፋት በዚያ ስፋት የታየበት መስክ የለም። በሳውዲ አረቢያ ጋዋር መስክ ከካርቦን የተሠሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በጉድጓድ ገብተው መመለሳቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ተጽፏል፤ እዚያ ውሃው ከባሕር ውሃ በብዙ እጥፍ ጨዋማ ነው፣ ሙቀቱም ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል። ዓላማው ግን ነዳጅ መግፋት አልነበረም፣ ቅንጣቱ በዚያ ሁኔታ ሳይያያዝ ማለፍ መቻሉን ማየት ነበር። ለእኔ ይህ መልስ ከሁሉም ይበልጣል፤ እነዚያ ሰዎች ስንት በርሜል ወጣ ከማለታቸው በፊት ይቆማል ወይ ብለው ነው የጠየቁት።

መልስ 22 ከአቃቂ እናት ናቸው፤ ያነሱትን እኔ ቀድሜ ማንሳት ነበረብኝ። ልጄ፣ አንተ የምትደፋው ነገር ወዴት ነው የሚሄደው አሉኝ። ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጡት የአቃቂ ጉድጓዶች እዚሁ ከእግራችን ሥር ናቸው። በቦይ የደፋሁት የለም፣ ሁሉንም በክዳን ባለው ጄሪካን አጠራቅሜያለሁ ብዬ በመልስ 23 አስረዳሁ። ስለ ጤናም ጠይቀው ነበር። ሳንባን የሚጎዳው የታወቀው ሲሊካ ክሪስታሉ ነው፤ እኔ የያዝኩት ክሪስታል ያልሆነው ነው። ቢሆንም ደረቁ ዱቄት ሲበን መተንፈስ አይገባምና ከውሃ ጋር ተበትኖ የመጣውን ብቻ ነው የምጠቀመው። አመስግነው፣ ልጆች ወደ ሰርቪስ ቤቱ እንዳይገቡ ቁልፍ አድርግበት ብለው መረቁኝ። ቁልፉን በዚያው ቀን ገዛሁ።

መልስ 24 የሱሉልታው ሰው ነው፣ በመልስ 10 የተቆጣው። የጋሼን ታሪክ አንብቦ ተመልሶ መጣና ጨው የነካው ጭቃ በምን ይድናል ብሎ ጠየቀ፤ በዚህ ጊዜ እርስዎ ብሎ ነው። ጋሼ በመልስ 25 ከእንጨት የሚሠራ ሊግኖሳልፎኔት መሰል በታኝ ይጨመርበት እንደነበር፣ ካልዳነም ተደፍቶ በአዲስ እንደሚተካ ነገሩት።

መልስ 26 እንደገና የቂሊንጦዋ ተማሪ ናት። ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ስድስት የመስታወት ጠርሙስ አሰናዳን፦ ሦስቱ በተራ ሲሊካ፣ ሦስቱ ገጹ በተሸፈነ ሲሊካ። ለእያንዳንዱ ጥንድ ንጹህ ውሃ፣ የገበታ ጨው ያለበት ውሃ፣ ጨውም ካልሲየምም ያለበት ውሃ። ዘይትም አሸዋም አልነካንም። ጠርሙሶቹን ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠን፣ ድስቱን በክሰል ምድጃ ዳር አቆይተን፣ ከኋላቸው በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት አቆምን፤ ፊደሉ በጠርሙሱ ውስጥ አልፎ ሲነበብ ፈሳሹ ደህና ነው፣ ካልተነበበ ተያይዟል ማለት ነው።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ካልሲየም ያለበት ተራው ሲሊካ በመጀመሪያው ሌሊት ረግቷል። ጨው ብቻ ያለበት ተራው ዛሬ ጠዋት ደመና ጀምሮታል፣ ፊደሉ ግን በጭንቅ ይነበባል። የተሸፈኑት ሦስቱም ጥርት ብለው ቆመዋል። ካልሲየም ባለበት ከእነዚህ በአንዱ ሥር ግን እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነ ነጭ መስመር አይቻለሁ፤ ዝቃጭ ይሁን የመስታወቱ ጭረት ገና አልለየሁም። ማታ ስመለስ ጠርሙሱን ዘንበል አድርጌ አየዋለሁ፣ የሆነውንም በመልስ 27 እጽፋለሁ።